መጥቶ የሚሄደው የመኪና ሕመም

ወባ የያዘው ሰው ታውቃላችሁ። ዛሬ ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ልብስ አይበቃውም። በማግስቱ ማሳው ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጎረቤት አይቶ «ትናንት ሊሞት ነው ያላችሁት ሰውዬ ይኸው ያርሳል» ይላል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይወድቃል። ትኩሳቱ በሌለበት ሰዓት ብቻ ያየው ሰው «ምንም የለበትም፣ ሰንፎ ነው» ብሎ ይፈርድበታል።

መኪናም እንዲህ ያለ ሕመም ይይዛታል። መንገድ ላይ መብራቷ ይጠፋል፤ ጋራዥ ስትደርስ ይበራል። ሹፌሩ «ጠፍቶብኝ ነበር» ይላል። መካኒኩ ማብሪያውን ይጫንና «ይኸው!» ይለዋል። ጨርሶ የተቆረጠ ሽቦ ፈላጊውን ብዙም አያደክምም፤ ሲፈልጉት እዚያው ተቆርጦ ይጠብቃል። አስቸጋሪው አንዴ የሚገናኝ፣ አንዴ የሚለያይ ሽቦ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚህ ዓይነቱ ብልሽት ነው። ምሳሌ አድርገን የምናቀርበውም በዓይናችን ያየነውን ነው።

የማኅበሩ መኪና

እኛ ማንበብና መጻፍ እንድናስተምር ተመድበን የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የደረሰን ቦታ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ያለ ቀበሌ ነው። ገበሬዎቹ ከሮቢ ወንዝ ውሃ ጠልፈው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ማኅበራቸው አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ አለችው። አባላቱ ከሽንኩርት ሽያጭ ብር እያዋጡ የገዟት ናት። ሽንኩርቱን ደብረ ብርሃን ገበያ ታደርሳለች። ምጥ የጠናባትን ሴት ሌሊት ወደ ሐኪም የምታደርሰውም እሷው ናት።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን መውጣት ግድ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አፋፉ ላይ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ተራራውን በስተው ያወጡት ዋሻ አለ። በክረምት ጉም ሲወርድበት በቀትርም ቢሆን ያለ መብራት አይሄዱበትም። ከመንገዱ በታች ገደል ነው።

መኪናዋ መብራቷን የምታጠፋው እዚህ ዳገት ላይ ነበር።

ሦስት ጊዜ ጋራዥ ተወሰደች። በመጀመሪያ «ባትሪው ደክሟል» ተባለ፤ አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሳምንት ያህል ደህና ሆና ቆየችና እንደገና አጠፋች። ቀጥሎ «ዲናሞው ነው» ተባለ፤ ዲናሞው ተቀየረ። አሁንም አጠፋች። በሦስተኛው አምፖሎቹና የመብራቱ ማብሪያ ተለወጡ። ለሁሉም ተከፈለ። ምን ዋጋ አለው! የሁለት በሬ ዋጋ ወጥቶ መብራቱ እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ሐሜቱ ተነሣ። «ሹፌሩ አዲሱን ባትሪ ሸጦ አሮጌ አስገብቶበታል» ያለ ነበር። «ማታ መንዳት ስለማይፈልግ ነው» ያለም ነበር። ጠበል የረጩላትም አሉ፤ በዚህ እኛ ሰው አንነቅፍም። በመጨረሻ ሹፌሩን ለማሰናበት ስብሰባ ተጠራ። ሹፌሩ ተነሣና የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «መብራቱ ይጠፋል። እኔ ላይ ሆኖ ነው እንጂ ለእናንተም ይጠፋል። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ሊቀ መንበሩ ወደኛ ዞሩ። «እናንተ ልጆች፣ ተማርን ትላላችሁ። እስቲ እዩልን። እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንታገሥ» አሉ። ከመካከላችን አንዱ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ጨርሷል። ሁለተኛ ዓመት የጨረሰ ሰው ብዙ የሚያውቅ ይመስለዋል። እሺ አልን።

ኤሌክትሪክ ካልተመለሰ አይሄድም

ሥራውን ከመናገራችን በፊት ኤሌክትሪክ በመኪና ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት።

መስኖ የምታውቁ ሰዎች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ውሃ ከጠለፋው ተነሥቶ በቦዩ ይወርዳል። ጠለፋው ከፍ ባለ ቁጥር የውሃው ግፊት ይበረታል። የኤሌክትሪክን ግፊት የምንለካው በቮልት ነው። ቮልት የሚለው ስም ቮልታ ከተባለ ኢጣሊያዊ የመጣ ነው፤ እሱ በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። በቦዩ የሚያልፈውን የውሃ ብዛት ደግሞ በአምፔር እንመስለው። ቦዩ ደለል ቢሞላ ውሃው ይቀንሳል። በኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ደለሉ ዝገት፣ የላላ ብሎን፣ የተበጣጠሰ ሽቦ ነው።

የመኪናችን ባትሪ ባለ 12 ቮልት ነው። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ትንሽ ይበልጣል። በእርሳስ ሰሌዳና በአሲድ የሚሠራውን ይህን ዓይነት ባትሪ ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 እ.ኤ.አ. ፈለሰፈው። ሞልቶ ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው መሙላት ሲጀምር ወደ 14 ቮልት ይወጣል።

እስከዚህ ኤሌክትሪክ እንደ ውሃ ነው። አሁን ግን የሚለይበትን ነገር ልብ በሉ። የመስኖ ውሃ ማሳው ገብቶ ይቀራል፤ ወደ ጠለፋው ተመልሶ አይሄድም። ኤሌክትሪክ ግን ወደ ተነሣበት ባትሪ መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ ከተዘጋ መሄጃው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አንዲት አምፖል አይበራም።

ታዲያ በመኪና ውስጥ መሄጃው ሽቦ ነው፤ መመለሻው ግን በብዛት ሽቦ አይደለም። የመኪናው የብረት አካል ራሱ ነው። ሽቦ ለመቆጠብ እንዲህ ይሠራል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የተነሣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ አምፖሉ ይደርሳል፤ ከአምፖሉ ወደ ብረቱ አካል ይገባል፤ በብረቱ አልፎ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ቀጭን ቦታ አለ። በኛይቱ መኪና የባትሪው ኔጋቲቭ የታሰረው በሞተሩ ብረት ላይ ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ደግሞ በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ እንዳይነቀንቅ ተብሎ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ አለ። የመብራቱ፣ የክላክሱ፣ የፍሬቻው፣ የዝናብ መጥረጊያው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህች ሹሩባ ነው። ርዝመቷ ከክንድ አይበልጥም። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅ።

እኛም ያን ጊዜ አላሰብናትም።

ደብተሩ

መጀመሪያ የጠረጠርነው ጉሙን ነው። ሁሉም ሰው «ጉም ሲኖር ነው የሚጠፋው» ይላላ! ርጥበት ሽቦ ውስጥ ገብቶ ነው ብለን የሽቦ መጋጠሚያዎችን ሁሉ ፈተን አደረቅን፣ በናስትሮ ጠቀለልን። ሁለት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ጠፋ።

ከማኅበሩ አባላት አንድ ጎልማሳ ሰው ሽንኩርቱን ለመሸጥ ከመኪናዋ ጋር ይመላለሳሉ። ማታ ማታ ተማሪያችን ናቸው። መጻፍ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ አንድ ገጽ አምስት መስመር ብቻ ይይዝላቸዋል። «ጋሼ፣ መኪናዋ በሄደች ቁጥር ያዩትን ይጻፉልን» አልናቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ጭነት፣ ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ የጠፋው ምን እንደሆነ፣ ያልጠፋው ምን እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ነገር እንዳይረሳ አደራ አልን። ሰው የጠፋውን ይቆጥራል እንጂ ያልጠፋውን አይቆጥርም።

«መምህር፣ መብራት ካልጠፋስ ምን ልጻፍ?» አሉን።

«አልጠፋም ብለው ይጻፉ» አልናቸው።

አምስት ሳምንት ጻፉ። መኪናዋ በዚህ ጊዜ 12 ጊዜ ዳገቱን ወጥታለች፣ 12 ጊዜ ወርዳለች። ከዚያ ደብተሩን ዘርግተን ተቀመጥን። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 9። ከደብረ ሲና በላይ። ሽንኩርት ሙሉ። ጉም። የፊት መብራት እንደ ፍም ቀላ። ክላክስ እንቢ። ሞተር ደህና።» ሌላው፦ «ሐምሌ 13። ባዶ። ማዳበሪያ ልናመጣ። ጉም በጣም። መብራት አልጠፋም።»

ያን ጊዜ ነው ዓይናችን የተገለጠው። ቆጠርን። ከ12ቱ መውጣት ስምንቱ በጭነት ነው፤ አራቱ ባዶ። ብልሽቱ አምስት ጊዜ ታይቷል። አምስቱም በጭነት ስትወጣ ነው። ባዶ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ጉም ነበር፤ ሆኖም መብራቱ አልጠፋም። ስትወርድ ማዳበሪያ ሞልታም ቢሆን አንድ ቀን አልጠፋም። ደግሞ አንድ ገጽ ላይ «ፀሐይ። ሽንኩርት ሙሉ። ፍየል መንገድ ገባች። ክላክስ አልጮኸም» የሚል አለ። በፀሐይ!

እንግዲህ ጉሙን ያለ ጥፋቱ ከሰነው ኖሯል። በጉም ጊዜ መብራቱ የጠፋው ጉሙ አጥፍቶት ሳይሆን፣ ሰው መብራት የሚያበራው በጉም ጊዜ ስለሆነ ነው። በፀሐይ ጊዜም ብልሽቱ ይመጣ ይሆናል፤ ግን መብራት ስለማይበራ የሚያይ የለም። ለመንጋው እረኛ የለውምና ጅቡ መቼ እንደበላ አይታወቅም።

ጭነቱስ? ጭነት ብቻ ቢሆን ማዳበሪያ ሞልታ ስትወርድም በጠፋ ነበር። ስትወርድ ግን ሞተሩ አይጎትትም፤ መኪናዋ በራሷ ክብደት ትወርዳለች። ስለዚህ ነገሩ ያለው ሞተሩ አምርሮ ሲጎትት ነው። በሬ ዳገት ላይ ሞፈር ሲስብ ትከሻው እንደሚያዘነብል፣ ሞተርም ሲጎትት በጎማ ትራሱ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሲያዘነብል የሚሳብ ነገር ምን አለ?

ሌላም ነገር ደብተሩ ነገረን። በየገጹ «ሞተር ደህና» ይላል። ሹፌሩም «ሞተሪኖው አንድም ቀን ሰንፎብኝ አያውቅም፤ አንዴ ስነካው ያስነሣል» አለን። ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን የሚያስነሣው ነው። በነገራችን ላይ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ቺንጋ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። ሞተሪኖ ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ 10 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይወስዳል። ባትሪው ደካማ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚለግመው ሞተሪኖው ነበር። ለአንድ በሬ የሚበቃ ጭድ የለም የተባለ ጎተራ አሥር በሬ እየመገበ ነው ማለት ነው። ባትሪው የተቀየረው በከንቱ ነው።

እና ደግሞ ሞተሪኖውም ዲናሞውም በሞተሩ ብረት ላይ የታሰሩ ናቸው። የሚለግሙት መብራትና ክላክስ ግን በመኪናዋ አካል ላይ ናቸው። በሞተሩና በአካሉ መካከል ያለችው መገናኛ ደግሞ ያቺ ሹሩባ ናት።

የኛ ስሕተት

ይህን ስናውቅ የምህንድስናው ተማሪ ጓደኛችን ተነሥቶ ተስተሩን ያዘ። ተስተር ኤሌክትሪክ የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማለች፤ ሞተሯ ጠፍቷል። የሹሩባዋን ሁለት ጫፍ ነካና የመንገዷን መዘጋት ለካ። ተስተሩ «ክፍት ነው» አለ፤ ምንም ደለል የለባትም። «ሹሩባዋ ደህና ናት» ብሎ ፈረደ። ደብተሩን ተከታትለን የደረስንበትን ነገር በአንድ ደቂቃ ጣልነው።

ጋሼ ከጎን ቆመው ያያሉ። «መምህር፣ የምታነክስን በቅሎ ተኝታ ሳለ ታያላችሁ እንዴ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሁለት ስሕተት ሠርተናል። አንደኛ፣ ሕመሙ በሌለበት ሰዓት መረመርን፤ ጋራዡ ሦስት ጊዜ የሠራውን ያንኑ ስሕተት ደገምን። ሁለተኛውን ደግሞ ጓደኛችን ራሱ ኋላ አስረዳን። ተስተሩ መንገድ ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ሹሩባዋ ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተጎነጎነች ናት። ሁሉም ተበጥሰው ሁለት ሦስት ክር ቢቀር እንኳ ለዚያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃል። አንድ ክር ባዶ ባልዲ ያንጠለጥላል፤ ባልዲው ሲሞላ ግን ይበጠሳል። ስለዚህ የጠረጠርነውን መንገድ መለካት ያለብን ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ነው።

እንደገና ጀመርን። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ አደረግን። ከመኪናዋ ፊት ሰው ሁሉ ገለል አለ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፣ መብራቱን አበራ፣ የእጅም የእግርም ፍሬን ያዘ። የተስተሩን አንድ ጫፍ በሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን በመኪናዋ አካል ላይ አሳረፍን። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ በሁለቱ መካከል የግፊት ልዩነት ሊኖር አይገባም። ተስተሩ 0.1 ቮልት አሳየ። ጥሩ ነው። ከዚያ ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቅ አደረገ። መኪናዋ በፍሬን ተይዛለች፤ መሄድ አትችልም። ሞተሩ ግን ሊጎትት ብሎ አዘነበለ። በዚያች ቅጽበት ተስተሩ ወደ 7 ቮልት ዘለለ። መብራቱ እንደ ፍም ቀላ።

«ይኸው! ይኸው!» ብሎ ሹፌሩ ጮኸ። ሰው ሁሉ ያየው መብራት በቀትር፣ በደረቅ ሜዳ፣ ጉም በሌለበት ጠፋ።

14 ቮልት ከሚሆነው ግፊት ግማሹ በሹሩባዋ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ለመብራቱ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነው። ማረጋገጫ ፈለግን። አንድ ወፍራም ሽቦ አምጥተን ከሞተሩ ብረት ወደ አካሉ በሌላ መንገድ አገናኘን። ሹፌሩ እንደገና ሞተሩን አዘነበለ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ሽቦውን አነሣን፤ ቀላ። መለስን፤ በራ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው።

ይህን የማዘንበል ምርመራ ሹፌር ያልሆነ ሰው አይሞክረው። ፍሬኑ ቢለቅ መኪናዋ ወደፊት ትዘላለች፤ ከፊቷ የቆመ ሰው አይተርፍም።

ሹሩባዋ ስትፈታ አየናት። ላይዋ ደህና ትመስላለች። ጫፏ ላይ፣ ብሎኑ አጠገብ፣ ክሮቹ ተበጣጥሰው ጥቂት ብቻ ቀርተዋል። ሞተሩ ቀጥ ሲል የተበጠሱት ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ፤ ሲያዘነብል ይለያያሉ። የነዳጅ መስጫው ገመድም ሽፋኑ ተቃጥሎ አገኘነው። ሹፌሩ ለካስ «ነዳጅ መስጫው ይከብደኛል» እያለ ኖሯል፤ ማንም አልሰማውም። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በዚያ ገመድ ሲሾልክ ገመዱን እያሞቀው ነበር።

አዲስ ሹሩባ ከሸዋ ሮቢት ተገዛ። ዋጋዋ ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። ብሎኑ የሚቀመጥበትን ብረት ቀለሙና ዝገቱ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግን፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። ሹሩባዋን ስናስር ጥቂት አላላናት፤ ተወጥራ ብትታሰር ሞተሩ ባዘነበለ ቁጥር ተስባ እንደገና ትበጠስ ነበር። በላይዋ ግሪስ ቀባን።

ሌሎች የተደበቁ ቦታዎች

የሁሉም መኪና ሕመም ሹሩባ አይደለም። ቢሆንም የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሚደበቅባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም። የሁሉ መጀመሪያ የባትሪው ሁለት ራሶች ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጡ እንደሆነ፣ ወይም በእጅ ሲነኳቸው የሚዞሩ ከሆነ ሌላ ነገር ከመፈለግ በፊት ማጽዳትና ማጥበቅ ነው። ፊውዝ በዓይን ሲያዩት ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ይኖራል፤ እየነቀሉ ማየት ነው። ሽቦ ብረት እየታከከ ላዩ ይላጥና መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ብረቱን ይነካል፤ ይህ ፊውዝ ያቃጥላል። አይጥም አለች። ክረምት ላይ ሙቀት ፍለጋ ኮፈኑ ሥር ገብታ ሽቦ ትበላለች፤ በጎተራ የምታደርገውን ታውቁታላችሁ። ፍሬቻ ሲበራ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ የዚያን መብራት መመለሻ ጠርጥሩ።

መንገጫገጭ ሲጨምር የሚመጣ ብልሽት ከሆነ አንድ ሰው መብራቱን ይይ፣ ሌላው ሽቦዎቹን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በእጁ እየነቀነቀ ይሂድ። መብራቱ በተርገበገበበት ቦታ እጃችሁ ያለበትን አትልቀቁ። ሞተር ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሲሞቅ መመርመር ነው። በቅርብ ዘመን የተሠሩ መኪናዎች ኮምፒዩተር አላቸው፤ ብልሽት ሲደርስ ምልክቱን በውስጡ ይመዘግባል። እሱም ደብተር ማለት ነው። ነገር ግን ጭነቱን፣ ጉሙንና ፍየሏን አይጽፍም።

ሦስት ነገር እንድትጠነቀቁ እንነግራችኋለን። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ ሲጋራም ኩራዝም አታስጠጉት፣ አሲዱም ዓይን ያጠፋል። ባትሪ ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ መጨረሻ አድርጉት፤ ሞተር እየሠራ ሳለ ግን ፈጽሞ አትፍቱ፣ ዲናሞው ይበላሻል። የተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ሚስማር ወይም የሲጋራ ብር ወረቀት የሚያስገባ ሰው አይተናል። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት እሱ እንዲቃጠል ነው። ሚስማር ግን አይቃጠልም፤ መኪናው ይቃጠላል። በኤሌክትሪክ ብቻ በሚሄዱት አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ብርቱካን ቀለም ያለውን ወፍራም ሽቦ አትንኩ። ግፊቱ 12 ሳይሆን በመቶ የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ይገድላል።

ከዚያ በኋላ

ሹሩባዋ በተቀየረች ማግስት መኪናዋ ሽንኩርት ጭና ወጣች። መብራቱ አልጠፋም። ሰዎቹ ሊያመሰግኑን መጡ። እኛ ግን «ቆዩ» አልን። ድሮም ቢሆን ከስምንቱ የጭነት መውጣት ሦስቱን በሰላም ወጥታለች። አንድ ጊዜ በሰላም መውጣቷ ዳነች አያሰኝም፤ የወባ በሽተኛም በመሐሉ ቀን ይነሣል። ጋሼ ደብተሩን እንዲቀጥሉ ለመንናቸው። ቀጠሉ። መብራቱ ጉም ባይኖርም እንዲበራ፣ ክላክሱም ከደብረ ሲና በላይ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ጊዜ እንዲነፋ አደረግን። መንገደኛው ሠርግ መስሎት ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ስብሰባው ተደረገ። ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ለጋሼ ሰጥተው «ያንብቡልን» አሏቸው። ጋሼ ተነሥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አሥር ጊዜ በጭነት ወጥታ አሥር ጊዜ «መብራት አልጠፋም፣ ክላክስ ጮኸ» ይላል። ከዚያ በፊት ያሉትን ገጾችም አነበቡ፤ ሹፌሩ ጠፋ ያለው መብራት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ እንደጠፋ። ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ላይ ቁልፉን አንሥተው ለሹፌሩ በሁለት እጃቸው ሰጡት። ባትሪ ሸጧል ያለው ሰውዬ ቡና እንዲጠጣ ቤቱ ጠራው፤ መሄዱን አልጠየቅንም።

በአሥራ አንደኛው መውጣት ጋሼ «የቀኝ ፍሬቻ አልበራም። ስንወርድም አልበራም። ቆመንም አልበራም» ብለው ጻፉ። ሹፌሩ ካቻቢቴ አንሥቶ መስተዋቱን ፈታው። አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር፤ ቀየረው።